ክብርት ሊቀመንበር ዝናብ አይፈሩም

በየትኛውም የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ከበር ጠባቂው ቀጥሎ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ተማሪ አለ። ይህ ተማሪ ሦስት ሰዎች ዝናብ ሽሽት አንድ ጣሪያ ሥር ተጠልለው ካየ ሊቀመንበር ሳያስመርጣቸው አያልፍም። አራተኛ ሰው ከመጣማ ጸሐፊና መሪ ቃልም አላቸው። ኪሱ ውስጥ ፕላስተር፣ ጆሮው ላይ እስክርቢቶ፣ አፉ ላይ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» የምትል ቃል አይጠፋም። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ታውቀዋለህ። ከርቀት አይተኸው በምግብ ቤቱ የጓሮ በር የወጣህበት ቀን ትዝ ይልህ ይሆናል።

መቱ ያለው ግቢ ገና ለጋ በነበረ ጊዜ፣ ሕንጻዎቹ በግማሽ ቆመው መንገዱ ጭቃ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ይህን ማዕረግ የያዘችው ሐምዲያ ሻፊ የምትባል የሁሩሙ ልጅ ነበረች። የዶርም ጓደኛዋ ሰኚ ግን «ክብርት ሊቀመንበር» ነበር የምትላት። የአንዱ ክበብ ሊቀመንበር ማለቷ አልነበረም፤ የሁሉም ነው።

የሐምዲያ አባት ጋሼ ሻፊ ማርና ቡና ነጋዴ ናቸው። ልጅቱም ግቢውን እንደ ሁሩሙ ገበያ ነበር የምታየው። «እንቢ» ያላት ሰው ለእሷ እንቢ ያለ ሰው አይደለም፤ ዋጋው ገና ያልተቆረጠለት ደንበኛ ነው። ዞር ብላ ትመለሳለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ስለ እናቱ ጤና ትጠይቃለች። ሰውየው ሲነቃ የቀይ መስቀል ክበብ ምክትል ሰብሳቢ ሆኗል።

አንድ ጊዜ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አቋቁማ ችግኝ እንትከል አለች። ይህን ያለችው እንግዲህ ዓይን እስኪደክም ጫካ በሆነ አገር ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣው ሸዋንግዛው፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካበት ድንጋይ ላይ ቆሞ ተቃወመ።

«እዚህ አገር እኮ ዣንጥላህን መሬት ላይ ብታቆመው ያቆጠቁጣል! ምን ጎድሎ ነው ዛፍ የምንተክለው?»

«ዶዘሩ የጠረገው ጎድሏላ!» አለችና አካፋ አስጨበጠችው። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሸዋዬ።»

ሸዋንግዛው እስከ ማታ ቆፈረ። ጫማውም ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማ አልሆነም።

ማስታወቂያዎቿን ዝናብ ያጥባቸው ነበር። ጠዋት የለጠፈችው «ታላቅ የክርክር መድረክ» ከምሳ በኋላ ሰማያዊ እንባ ብቻ ሆኖ ሰሌዳው ላይ ይወርዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ሐምዲያ ግን ፊደሎቹን በሻማ አሽታ መለጠፍ ጀመረች፤ ውኃው ሰሙ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ ቀለሙን አይነካም። ግቢውን ለቅቃ ከሄደች በኋላ እንኳ ጊዜ ያለፈባቸው ዝግጅቶች ማስታወቂያ አልላቀቅ ብሎ አስቸግሮ ነበር አሉ።

ሰኚ የኖፓ ገበሬ ልጅ፣ የምህንድስና ተማሪ ነች። ግቢ የመጣችው ለሁለት ነገር ነው፤ ዲግሪዋን ለመያዝና ከእርሻ ሥራ እንቅልፏን ለማስመለስ። ዕጣዋ ሆኖ ግን ከክብርት ሊቀመንበር አልጋ ሥር ባለው አልጋ ተደለደለች። የመጀመሪያውን ዓመት ሳትጨርስ ድራማ ላይ ሬሳ እንድትሆን ተጠየቀች።

«መናገር የለ፣ ማጥናት የለ፤ ተኝተሽ ነው የምትተውኚው። ደግሞ ተኝተሽ መዋል ትወጃለሽ።»

ሰኚ በመጀመሪያው ትዕይንት ተገደለች። ድራማው ግን እስከ ምሽት ዘለቀ። መድረኩ ላይ ጉንዳን ነበረ፣ ብርድ ነበረ፣ አቧራ ነበረ። ገዳዩ ንስሐ በሚገባበት ልብ የሚነካ ቦታ ላይ ሬሳዋ አነጠሰች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሐምዲያ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ፣ ቅንጣት ሳትደነግጥ፣ «ቆስላ ነው እንጂ አልሞተችም! ድራማው ይካሄዳል!» አለች።

«ይካሄዳል» ሁለተኛዋ ቃሏ ነበረች። መብራት ይጠፋል፤ ይካሄዳል። የክብር እንግዳው ጎሬ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ይቀራል፤ ይካሄዳል። ተናጋሪውም ሰሚውም እሷ ብቻ ብትሆን እንኳ ይካሄዳል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ሰኚ ማለች። «ከእንግዲህ የምገኝበት ዝግጅት ቢኖር የራሴ ምረቃ ብቻ ነው!» መሐላዋንም ጠበቀች። ሐምዲያ ከላይኛው አልጋ አንገቷን ቁልቁል ዘርግታ «ሰኚዬ» ስትል፣ ሰኚ ብርድ ልብሷን እስከ አናቷ ትስባለች።

በድሮው የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ «ታታሪዋ ተማሪ» የሚል ምንባብ ቢገባ ኖሮ ከሥሩ «ሐምዲያ ለምን አትቀመጥም?» የሚል ጥያቄ ይኖረው ነበር። መልሱ ከምንባቡ ውስጥ አይገኝም። ከተገኘ የሚገኘው ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ካለች አንዲት ክፍል ነው።

ክፍሏ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ያለች ነገር ነበረች። ሐምዲያ የንባብ ክበብ አቋቁማባታለች። የመቱን ባለሱቅ ሁሉ በር አንኳኩታ የሰበሰበቻቸው መጻሕፍት ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ልብ ወለድ፣ የጤና መጽሐፍ፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ የድሮ መማሪያዎች። ሌሎቹ ክበቦቿ ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ። ለዚህች ለአንዷ ግን ክብርት ሊቀመንበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩላት።

የመጨረሻ ዓመቷ ላይ፣ ግንቦት ሲገባ፣ የተማሪዎች ዲን ዶክተር ሽበሺ አስጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚጨነቁት ለወንበር ነው።

«ሐምዲያ፣ አዲሶቹ ወንበሮች ዝናብ ላይ ናቸው፤ ዕቃ ቤት ያስፈልገናል። በክፍሏ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ደግሞ የማይሽ አንቺን ብቻ ነው።»

«ያነባሉ እኮ ዶክተር፤ ወስደው ነው የሚያነቡት።»

«እንግዲያው ቅዳሜ የግጥም ዝግጅታችሁ ላይ እገኛለሁ። ክፍሏ በሰው ከሞላች የእናንተ ናት። ካልሞላች መጻሕፍቱን በካርቶን ታሽጉልኛላችሁ። ተስማማን?»

ሐምዲያ ተስማማች። ያን ዕለት ዶርም ገብታ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰኚ በሦስት ዓመት ውስጥ ሐምዲያ ዝም ብላ ተቀምጣ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። «ይካሄዳል» አለች ሐምዲያ፣ ለማንም ሳይሆን።

ቅዳሜ ደረሰ። ከቀትር በኋላ የኢሉባቦር ሰማይ ያለውን ሁሉ ገለበጠው። በዚያ ላይ የዋንጫ ጨዋታ ቀን ነበርና ሰው ሁሉ ላውንጁ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቧል። ሰኚ መሐላዋን ላለማፍረስ ስትል «ዣንጥላ ላቀብላት ብቻ ነው» እያለች ወደ ክፍሏ ሄደች።

ውስጥ ሐምዲያ አለች። የአባቷ ማር በትልቅ ጎድጓዳ ሣህን፣ አጠገቡ የዳቦ ክምር። ዶክተር ሽበሺ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በተረፈ ወንበር ብቻ።

«ሐምዲያ፣ ልጄ፣» አሉ ዲኑ፣ ዝናቡን ለማሸነፍ እየጮኹ፣ «በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል? በቃ እንሰርዘው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

«ይካሄዳል፣ ዶክተር።» ድምፅ ማጉያዋን አነሳች። «የተከበራችሁ የክብር እንግዳችን!» ስትል ድምፁ ባዶ ወንበሮቹን ዞሮ ተመለሰ።

ሰኚ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የቼዝ ክበቡ ፍጻሜ ጨዋታ ትዝ አላት፤ ሁለት ተጫዋችና አንዲት ተመልካች ብቻ የነበሩበት። ተመልካቿ ሐምዲያ ነበረች። የግብርናው ነመራ ዘመናዊ ቀፎ ሲያሳይ ንብ የዓይኗን ቆብ ነድፏት፣ በአንድ ዓይኗ እያየች እስከ መጨረሻው አጨብጭባለች። የምህንድስና ተማሪዎች የሸንበቆ ድልድይ ሲሠሩ ጥንካሬውን ልሞክር ብላ የወደቀችው እሷ ናት። የማን ዝግጅት ላይ ነው ያልተገኘችው? ማንንስ ነው «መጥቼልህ ነበር እኮ» ያለችው?

ኖፓ ላይ ዳዶ የሚባል ነገር አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ዛሬ የአንዱን ማሳ ያርማል፤ ነገ ተራው የሌላው ነው። የሌላ ሰው ማሳ ላይ የዋለ ሰው የራሱ ተራ ሲደርስ አይለማመጥም። መንገድ ላይ ወጥቶ ይጣራል፣ በቃ። ዝናብ ነው ብሎ የቀረ ሰው ስሙ ሲነሳ ይከርማል። ማሳው ሳያልቅም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

«አምጪው!» አለች ሰኚ፤ ድምፅ ማጉያውን ከሐምዲያ እጅ መንጭቃ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

የዶርሞቹን ሕንጻ እየዞረች ጮኸች። «ዳዶ! የሐምዲያ ዳዶ ነው! ተራው የሷ ነው! ሐምዲያፍ ኮታ! ለሐምዲያ ኑ!»

መስኮቶች ተከፈቱ። ላውንጁ በር ላይ ስትደርስ ነመራ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቀና አለ።

«የማን ዳዶ?»

«የሐምዲያ!»

ነመራ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ተነሣ። ከየገጠሩ የመጣው ልጅ ሁሉ አብሮት ተነሣ።

«ኧረ ዳዶ ምንድን ነው? የሚበላ ነው?» አለ ሸዋንግዛው፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል።

«ወንፈል ነው፣ ወንድሜ፣ ወንፈል!»

«ወንፈል?» ሸዋንግዛው ቴሌቪዥኑን አየ፣ ጫማውን አየ፤ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይህቺ ልጅ ጫማ ሳታስጨርሰኝ አትመረቅም ማለት ነው!» ብሎ ወጣ።

ሰኚ ግን አንድ ነገር ዘንግታ ነበር። ዳዶ ተብሎ የተጠራ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። እሷ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ዘወር ስትል፣ ያ ሁሉ ተማሪ ከግብርናው ሠርቶ ማሳያ ዕቃ ቤት ዶማና አካፋ ተሸክሞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በጭቃው መካከል ይተማል። ዶክተር ሽበሺ ብድግ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ? ምን ሊቆፈር ነው?»

«የቱ ጋ ነው ሥራው?» አለ ነመራ፣ ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ።

ሐምዲያ ዶማውን አየች፣ ባዶ ወንበሮቹን አየች። «ሥራው መቀመጥ ነው! ዕቃችሁን በር ላይ! ለአምስት ደቂቃ ብቻ!»

ክፍሏ ሞላች። ወንበር አልበቃም፤ መስኮቱ ላይ ተቀመጡ፣ እርስ በርስ ተደራረቡ። ሐምዲያ ግጥሟን ጀመረች። በቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ የተነሣ አንዲት ስንኝ የሰማ ሰው የለም። ማሳው ሳያልቅ አይኬድምና የተነሣም የለም፤ አፏ በተዘጋ ቁጥር ያጨበጭባሉ።

ሦስተኛው ግጥም ላይ ውኃ በበሩ ሥር ገባ። ቀጥሎ በግድግዳው ሥር መጣ፤ ከታች የተደረደሩት መጻሕፍት ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ቀረው።

«ይኸው ሥራው መጣላችሁ!» አለች ሰኚ። «ነመራ፣ ቦይ!»

ግማሹ መጻሕፍቱን ወደ ጠረጴዛ አወጣ፤ ግማሹ ዶማውን አንስቶ ወጣ። ሰኚ፣ ከእርሻ የሸሸችው ሰኚ፣ የውኃውን አመጣጥ በዓይኗ ለክታ በእግሯ መስመር አሰመረችላቸው። ቆፈሩ። ሸዋንግዛው እየተራገመ ቆፈረ። ዶክተር ሽበሺ ጥቂት አመነቱና ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው አካፋ ያዙ። ሐምዲያ በሩ ላይ ቆማ፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ ቆፋሪዎቹ አዙራ፣ አራተኛውን ግጥም ቀጠለች።

«ኧረ አሁንስ ተይው!» አለ ሸዋንግዛው።

«ይካሄዳል!» አለው ቆፋሪው ሁሉ ባንድ ድምፅ።

ውኃው ቦዩን አግኝቶ ወደ ቁልቁለቱ ሲሄድ ዳቦ ተቆረሰ፣ ማር ተበላ። ዶክተር ሽበሺ ጭቃ የለበሰውን እጃቸውን እያዩ ዳቦ በክርናቸው ይዘው ቆመዋል።

«ወንበሮቹስ፣ ዶክተር?» አለች ሐምዲያ ቀስ ብላ።

«ወንበሮቹ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። በገዛ እጄ የቆፈርኩለትን ቤት ለወንበር አልሰጥም!»

ሰኚና ሐምዲያ ዶርም ሲገቡ ጭቃው ፀጉራቸው ድረስ ደርሶ ነበር። ሰኚ ብርድ ልብሷን እስከ አናቷ ሳበች። ከላይ አልጋዋ ተንቋቋች። ከዚያ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አንገት ቁልቁል ተዘረጋ።

«ሰኚዬ።»

ሰኚ ብርድ ልብሷን ይበልጥ ጠቀለለች።

«ዛሬ ሁሉም መጥቶልኛል እኮ። ዳዶ ከሆነ አሁን የሁሉም ብድር አለብኝ። ልመረቅ ነው፣ መቼ ልመልሰው ነው? ሳስበው የዳዶ ክበብ ብናቋቁም... ሊቀመንበሯ አንቺ። ሰኞ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ።»

ሰኚ ብርድ ልብሱን ከፊቷ ገለጠች። ያን ሁሉ መሐላዋን አሰበች። ከላይ የተንጠለጠለውን፣ ጭቃ የነካውን፣ እንቢታ የማያውቀውን ፊት አየች።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው አምስት ደቂቃው?»