የክፉ ቀን አገር

[ሰፊ የፊት ክፍል፤ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ሶፋ ማደሻ። ስፖንጅ፣ የጨርቅ ጥቅል፣ ቆዳው የተገፈፈ ወንበር፣ ሽቦው የወጣ ሶፋ እዚህም እዚያም ተበትኗል። የቤቱ ታላቅ ልጅ ኢንሹራንስ ሻጭ በመሆኑ ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ «ኢንሹራንስ» ይለዋል። ታናሹ ሶፋ ሲያድስ ስለሚውል «ሶፋ» ነው። አባታቸው ካረፉ ወዲህ በዚህ ቤት የሚኖሩት እናትየውና ሶፋ ናቸው። መጋረጃው ሲገለጥ ኢንሹራንስ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ መቀመጫ በሌለው ወንበር ውስጥ እስከ ብብቱ ሰምጦ፣ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ይቆጣል። በዚህ ሁኔታም ሆኖ ሰው ማስተማሩን አላቆመም።]

ኢንሹራንስ፦ ወንበር ብለህ እዚህ ገትረህ እንዴት አይቀመጡበትም?

ሶፋ፦ እንዳትቀመጥበት ልነግርህ አፌን ስከፍት «አታቋርጠኝ» አልከኝ እኮ ጋሼ።

ኢንሹራንስ፦ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆንማ ማቋረጥ ነበረብህ!

ሶፋ፦ እሺ፣ ከእንግዲህ አቋርጥሃለሁ።

ኢንሹራንስ፦ አሁን እጄን ሳበኝ!

ሶፋ፦ (እየሳበ) ጋሼ፣ ስለዚያ ስለ ቤት ገዢው ሰውዬ...

ኢንሹራንስ፦ አታቋርጠኝ! (ይወጣል፤ ኮቱን ያራግፋል) ሰውዬው ከምሳ በኋላ ሊፈርም ይመጣል። ይህን የወንበር አጽም ሁሉ ከፊቱ አንሣልኝ። ለመሆኑ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምን ይመስልሃል?

ሶፋ፦ ጣሪያ።

ኢንሹራንስ፦ ድባብ! ድባቡን ነው የሚያየው።

ሶፋ፦ ጣሪያውን ነው ያየው።

ኢንሹራንስ፦ «ያየው» አይባልም፣ «የሚያየው» በል። ሰውዬው ገና መች መጣና?

ሶፋ፦ እሱን እኮ ነው ልነግርህ...

ኢንሹራንስ፦ ቁጭ በል። እኔ ቆሜ ይሻለኛል። ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳህ፤ ኋላ «ሳይገባኝ ነው የፈረምኩት» እንዳትለኝ። አንድ አገር ብቻ ያለው ቤተሰብ ራቁቱን ነው። ሁለተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ደላላዬ በነገረኝ በዚያ አገር አፓርታማ ትገዛለህ፤ ስትገዛ መንግሥታቸው ለመላው ቤተሰብ ፈቃድ ይሰጣል። ገባህ?

ሶፋ፦ ገባኝ። እዚያ ልንኖር ነው።

ኢንሹራንስ፦ አንኖርም! የመኖሪያ ፈቃድ ነው የምንይዘው።

ሶፋ፦ ለመኖር ፈቃድ ይዘን ከዚያ አንኖርም።

ኢንሹራንስ፦ ወይ ፈተና! ዋስትና ነው ወንድሜ፣ ዋስትና። ቤትህ ሳይቃጠል አስቀድመህ ኢንሹራንስ አትገባም?

ሶፋ፦ አንተ ያስገባኸኝ አለ አይደል? የውሃው።

ኢንሹራንስ፦ እሷን እንዳታነሣት።

ሶፋ፦ ጣሪያው አፍስሶ ስፖንጄን ሁሉ ሲያበሰብሰው...

ኢንሹራንስ፦ ውልህ የሚለው ጎርፍ ነው። ጎርፍ ደግሞ በበር ነው የሚገባው። ያንተ ከላይ መጣ። ከላይ የመጣ ውሃ ዝናብ ይባላል፤ እኔ ምን ላድርግህ?

ሶፋ፦ በበር ዙረህ ግባ ልለው ይገባኝ ነበር።

ኢንሹራንስ፦ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። እኔ የራሴን ቤት ሸጬ የአፓርታማውን ግማሽ ከፍያለሁ። ቆራጥነት ማለት ይህ ነው። ቀሪውን ይህ የአባባ ቤት ይዘጋልናል።

ሶፋ፦ ቀሪው ሳይከፈል ቢቀርስ?

ኢንሹራንስ፦ የከፈልኩት ቀለጠ ማለት ነዋ። ግን ለምን ይቀራል? አሟርተህ ሞተሃል!

ሶፋ፦ ክፉ ቀን የሚመጣው መቼ ነው?

ኢንሹራንስ፦ መቼ እንደሚመጣማ አይታወቅም። ለዚያ አይደል የምለፋው?

ሶፋ፦ ሲመጣ በምን እንሄዳለን?

ኢንሹራንስ፦ በአውሮፕላን።

ሶፋ፦ ክፉ ቀን መጥቶ አውሮፕላን ይበራል?

ኢንሹራንስ፦ (ትንሽ አስቦ) ሳይመጣ በፊት ነው የምንሄደው።

ሶፋ፦ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም አላልከኝም?

ኢንሹራንስ፦ ላንተ ብጤው አይታወቅም! እኔ ዜና እከታተላለሁ።

[መከታተሉስ እውነት ነው። «ዛሬ አንድ ነገር ሊፈጠር ነው» ብሎ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያላስቀረበት ወር የለም። ልጆቹም ክፉ ቀንን እንደ በዓል መጠበቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።]

ሶፋ፦ እሺ፣ ፈቃዱን እንይዛለን፤ ይዘን እዚሁ እንቀመጣለን።

ኢንሹራንስ፦ እንደሱ ነው! ተመስገን። አንዲት ነገር ብቻ አለች። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እዚያ መኖር አለበት። ማንም ካልኖረ ፈቃዱ ይሰረዛል።

ሶፋ፦ ማን ሊኖር ነው?

ኢንሹራንስ፦ (ወደ ጓዳው በር እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እማዬ።

ሶፋ፦ ብቻዋን?

ኢንሹራንስ፦ እኔ ሥራ አለብኝ፤ ልጆቹ ትምህርት አላቸው፤ አንተም ብትሆን ይኸው ስፖንጅህ አለ። እሷ ምን አለባት? የሚጠበቅባት ቁጭ ማለት ነው። ቁጭ ማለት ደግሞ እዚህም እዚያም ያው ነው።

ሶፋ፦ እዚህ ቁጭ ስትል ከሰው ጋር እኮ ነው። እዚያ ማንን ታውቃለች? ቋንቋቸውን አትሰማ...

ኢንሹራንስ፦ ባሕር ታያለች።

ሶፋ፦ እማዬ ባሕር አማረኝ ብላ ታውቃለች?

ኢንሹራንስ፦ ስላላየችው ነዋ!

ሶፋ፦ አሞኛል ብትል ለማን ነው የምትለው?

ኢንሹራንስ፦ ስልክ አለ። ትደውላለች፤ አይዞሽ እንላታለን።

ሶፋ፦ ስለዚህ ቤተሰቡ ወደፊት እንዳይበተን እሷን ከአሁኑ እንጥላታለን።

ኢንሹራንስ፦ መጣል አትበል! ማስቀመጥ ነው።

[ሶፋ መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። በጣም ተናዷል። ሲናደድ ግን ድምፁ ከወትሮው ይልቅ ይለሰልሳል፤ ወንድሙ ይህን ሁልጊዜ የሚወስደው እንደ መስማማት ነው።]

ሶፋ፦ ጋሼ፣ ክፉው ቀን እዚያ ቢመጣስ?

ኢንሹራንስ፦ የት?

ሶፋ፦ እዚያ፣ ባሕሩ ጋ።

ኢንሹራንስ፦ ምን ችግር አለው? ወደዚህ እንመለሳለና።

ሶፋ፦ ወደ የትኛው ቤት?

ኢንሹራንስ፦ እ... ወደ...

ሶፋ፦ ያንተን ሸጠኸዋል። ይህን ደግሞ ዛሬ ልንሸጠው ነው።

ኢንሹራንስ፦ ዘመድ ጋ እናርፋለን! ዘመድ ለመቼ ነው?

ሶፋ፦ ዘመዶችህ እኮ እኛ ነን ጋሼ።

ኢንሹራንስ፦ አንተን ከማስረዳት ግድግዳውን ማስረዳት ይቀላል! ሰውዬው ይምጣ፣ ትፈርማለህ፣ አለቀ!

ሶፋ፦ ሰውዬውማ ጠዋት መጣ።

ኢንሹራንስ፦ ምን?

ሶፋ፦ ጣሪያውን አየ አልኩህ እኮ።

ኢንሹራንስ፦ ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ለምን አልነገርከኝም?

ሶፋ፦ እንዳላቋርጥህ ብዬ ነው።

ኢንሹራንስ፦ (ክራባቱን እያላላ) ታዲያ ወደደው? ፈረመ?

ሶፋ፦ ወዶት ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ልክ እንዳንተ ለልጆቹ የሚጨነቅ። ከዚያ አገር ነው የመጣው።

ኢንሹራንስ፦ ከየት አገር?

ሶፋ፦ አፓርታማ ከምትገዛበት።

ኢንሹራንስ፦ እዚህ ምን ይሠራል?

ሶፋ፦ ሁለተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ፈልጎ ነዋ። እዚህ ቤት ከገዛህ ለቤተሰብህ ፈቃድ ታገኛለህ ብለውት ነው።

ኢንሹራንስ፦ ማነው ያለው?

ሶፋ፦ ደላላው። ያው ያንተው ደላላ።

[ኢንሹራንስ ወንበር ይፈልጋል። አንዱን ያያል፤ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ይሞክረዋል፤ አያምነውም፤ ቆሞ ይቀራል።]

ኢንሹራንስ፦ እዚያ ምን ተፈጥሮ ነው የሚሸሸው?

ሶፋ፦ ምንም አልተፈጠረም። እሱም ዜና ይከታተላል።

ኢንሹራንስ፦ ይከታተላ፣ የራሱ ጉዳይ ነው! ፈርሟል ወይስ አልፈረመም?

ሶፋ፦ ሊፈርም ሲል «እናንተ ለምንድን ነው የምትሸጡት?» አለኝ። እኔ ደግሞ ውሸት አያምርብኝም። ታላቅ ወንድሜ ክፉ ቀን ሊመጣ ነው ብሎ ነው አልኩት።

ኢንሹራንስ፦ አፈር በበላሁ!

ሶፋ፦ «ወንድምህ ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ። ኢንሹራንስ ሻጭ ነው አልኩት። ወዲያው ብዕሩን ከደነና ኪሱ ከተተው። «ኢንሹራንስ ሻጭ ራሱ ከሚሸሽበት አገር እኔ ልጆቼን አላመጣም» ብሎኝ ወጣ።

ኢንሹራንስ፦ የት ሄደ?

ሶፋ፦ ወደ አገሩ። ባሕሩ ጋ።

ኢንሹራንስ፦ ጉድ ሠራኸኝ! አንተ ሰው፣ እዚህ ደግሞ ምን ክፉ ቀን አለ? ሰላም አይደለም እንዴ? ልጆች ወጥተው ይገባሉ፤ ገበያው ሞልቷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠያየቃል። የኛ ድርጅት እንኳ ይህን ያህል ዘመን ለአንድ ሰው ካሳ ከፍሎ አያውቅም! ከዚህ የተሻለ አገር ከየት ይመጣል? ሩጥና እንዲህ በለው!

ሶፋ፦ እንዲህ ከሆነ እኛስ ለምንድን ነው የምንሄደው?

[ኢንሹራንስ ያላላውን ክራባት መልሶ ያጠብቃል። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ደጋግሞ።]

ሶፋ፦ ማነው?

ኢንሹራንስ፦ (በቀስታ) ባለቤቴ ናት። ልጆቹም አብረዋት ናቸው። ሻንጣው ሁሉ መኪናው ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት የቤቴን ቁልፍ ለገዢው አስረክቤ ነው የመጣሁት። ከዚህ ገንዘቡን ተቀብለን፣ ጉዞው እስኪደርስ ሆቴል ልንገባ ነበር።

ሶፋ፦ አሁንስ?

ኢንሹራንስ፦ አሁንማ ምን አለኝ? አፓርታማው የለ፣ ቤቱ የለ። ለቤተሰቤ ዋስትና አመጣለሁ ብዬ ዛሬ የማሳድርበት አሳጣኋቸው። ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው?

ሶፋ፦ ግቡ በላቸዋ።

ኢንሹራንስ፦ የት?

ሶፋ፦ እዚህ ነዋ ጋሼ። የኋላውን ክፍል ላንተና ለባለቤትህ አጽድተነዋል፤ አልጋው ተነጥፏል። ለልጆቹ ሁለት ሶፋ አድሼ አስገብቻለሁ፤ የነሱ መቀመጫ አለው። እማዬ ደግሞ ብርድ ልብሱን ሁሉ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ አጣጥፋ ጨርሳለች።

ኢንሹራንስ፦ (ዓይኑን በክራባቱ ጫፍ እየጠረገ) ሰውዬው ከሄደ ወዲህ ይህን ሁሉ አደረሳችሁት?

ሶፋ፦ ኧረ በግማሽ ቀን እንዲህ ያለ ሥራ የት ይደርሳል? እማዬና እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስንለፋበት ነው የሰነበትነው።

ኢንሹራንስ፦ (መጥረጉን ያቆማል) ቆይ እንጂ... ሰውዬው የመጣው ዛሬ ጠዋት አይደለም እንዴ?

ሶፋ፦ አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ነው። (እጅጌውን ሰብስቦ ሻንጣ ሊያወርድ ይወጣል።)