የሚያጉረመርም ውሻ ጠበቃ

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል ምን ያህል ይሆናል? በወጣትነቴ ስለዚህ ጥያቄ ብዙ ወፋፍራም መጻሕፍት አነበብኩ፤ አርጅቼም መልሱን አላገኘሁትም። ባሰብኩት ቁጥር ግን ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት አንድ የባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ናቸው፤ አቶ ማዘንጊያ።

ውሻ አዋቂ የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ሐኪም የሌለበት ሰፈር አይቻለሁ፣ ውሃ የሌለበትም አይቻለሁ። ውሻ አዋቂ ያጣ ግን አላየሁም። የእኛው አቶ ማዘንጊያ፣ ክቡርነታቸው የውሾች ሁሉ ጠበቃ፣ በጃንሆይ ዘመን ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከእኔ ክፍል አጠገብ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጋሪ አስቁመው ስለ መንገድ ውሻ ጭራ ለተሳፋሪው ሁሉ ያስረዳሉ። ሰርግ ቤት ተጠርተው ሙሽሮቹን ትተው ድንኳን ሥር አጥንት የሚግጠውን ያያሉ። ሁለት አባባል ነበራቸው። አንዱ «አትቀማው፣ ለውጠው»፤ ሁለተኛው «ያጉረመረመ ውሻ ጨዋ ነው»።

የራሳቸው ውሻ ጉምሩክ ይባላል። አንዴ የያዘውን ስለማይለቅ ጎረቤት ያወጣለት ስም ነው። አጥንት ይይዛል፣ ካልሲ ይይዛል፣ ባዶ ጣሳ ይይዛል። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ያለውን ጥላ እንኳ ይዞ ማንንም አያስጠጋም።

አንድ ቀን የግቢያችንን ባለቤት፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠውን የዛምዛምን፣ ለሶላት ስትታጠብ የምትጫማውን የውዱእ የእንጨት ጫማ አንዱን ወስዶ ማዘንጊያ አልጋ ሥር ተኛበት። በእስልምና ሕግ ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ዛምዛም ውሃውን ቀዳች፣ አፈሩንም አዘጋጀች፤ የሚታጠበው ብቻ ጠፋ።

ወንድሟ ሲያድ ዱላ ይዞ ገባ። ጉምሩክ አጉረመረመ፤ ሲያድ ስላጉረመረመ መታው። ውሻው ዝም አለ። ሲያድ ያሸነፈ መስሎት እጁን ሰደደ፤ ተነከሰ።

ማዘንጊያ ቁስሉን እያጠቡለት፣ «አስጠንቅቆህ ነበር እኮ። ማስጠንቀቂያውን በዱላ አስተውከው፤ ከዚያ በኋላ ምን ይበል?» አሉት።

«ይቅርታ ልጠይቀዋ?»

«አይ፣ ዛሬስ ብቻውን ብትተወው ይሻላል።»

ዛምዛም ግን አልሳቀችም። ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፣ ለክቡርነታቸውም ቢሆን። «ወላሂ ማዘንጊያ፣ ወይ ውሻህ ይወጣል ወይ አንተ ትወጣለህ» አለች። ረመዳን እስኪያልቅ ጊዜ ሰጠቻቸው። ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው ሰው ናቸው፤ ውሻው ከወጣ አብረውት እንደሚወጡ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ማዘንጊያ ሥራ ጀመሩ። ከአልጋው ራቅ አድርገው ቁራጭ ሥጋ ወረወሩ፤ ጉምሩክ ጫማውን ትቶ ወደ ሥጋው ሲሄድ፣ እሳቸው ያለ አንዳች ድል አድራጊነት ጫማውን አንስተው ወጡ። ጫማው ታጠበ፣ ሰላም ሆነ።

ጉምሩክ ግን የድሬዳዋ ውሻ ነው። ዕቃ በሥጋ እንደሚለወጥ በገባው ማግስት ንግድ ጀመረ። የሲያድን ኮፍያ፣ የእኔን ካልሲ፣ የዛምዛምን ማማሰያ እየነከሰ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ይጠብቃል። ዛምዛም ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሳቀችው። «ይሄስ ከእኔ በላይ ነጋዴ ነው አቦ» አለች።

ክቡርነታቸው አዲስ ሕግ አወጡ። ዕቃ ሁሉ ከፍ ካለ ቦታ ይሰቀል፤ ውሻው ሲበላ ማንም ሳህኑን አይንካ፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ግን ራቅ ብሎ ቁራሽ ሥጋ ጣል ያድርግለት። «የሰው እጅ የምትመጣው ልትጨምር እንጂ ልትወስድ እንዳልሆነ ይመን» አሉ። ዛምዛም የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ከሩቅ ትወረውራለች። ሲያድ የተነከሰ እጁ በፋሻ እንደታሰረ፣ ከእሷም የበለጠ ርቆ፣ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ይወረውራል። ረመዳኑ ሊያልቅ ሲል ጉምሩክ የሲያድን ኮቴ ሲሰማ ከሳህኑ ቀና ብሎ ጭራውን ይቆላ ጀመር። ስለ መውጣትም የሚያነሳ ጠፋ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማዘንጊያን ደረታቸውን አመማቸው። ሐኪም ሙቀቱን ሽሽ አላቸውና ደጋ፣ እህታቸው ዘንድ ለመሄድ ተነሡ። ውሻውን እዚያ የሚቀበል የለም። ከጀልዴሳ ወተት ከሚያመጣው ወዳጃቸው ከጉሌድ ጋር ውሻውን እሱ እንዲወስደው ተነጋገሩ፤ እኛም እሳቸውን ሸኘናቸው።

ጉሌድ ገመድ ይዞ ሲመጣ ዛምዛም በሩ ላይ ቆመች።

«የማንን ውሻ ነው የምትወስደው?»

«የማዘንጊያን። ራሱ ነው ውሰድ ያለኝ።»

«ማዘንጊያ ተከራይ ነበር። ውሻው የግቢው ነው።»

ሲያድ፣ ያ የተነከሰው ሲያድ፣ በሩን ገርበብ አደረገው። እኔም ሳላስበው አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጉሌድ ፊታችንን ተራ በተራ አየና ገመዱን ፎጣው ሥር ሸሽጎ፣ ጀርባውን ሳያዞር ቀስ እያለ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከብት ጠባቂ ነውና፣ መቼ መሸሽ እንዳለበት ያውቃል።

ማዘንጊያ ከደጋ አልተመለሱም። በሸኘናቸው ቀን ባቡሩ ሊነሣ ሲል በመስኮት ጎንበስ ብለው የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጉሌድ ሲመጣ ውሻውን ስጡት። አደራ፣ እናንተ ደግሞ እንዳታጉረመርሙበት።»