ከሊቀ መንበሩ እኩል የቀላ ስም

መንግሥት የሚሰጣችሁን ነገር ሁሉ አደብዝዞ ነው የሚሰጣችሁ! ካላመናችሁ፣ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ አንዲት የቀበሌ ቤት እንዴት እንደ«ደረሰችኝ» ስሙኝ።

የቤቲቱ ወረቀት በታይፕ የተመታች ናት። ዋናው ለበላይ አካል፣ ግልባጩ ለፋይል፣ የግልባጩ ግልባጭ ለማን እንደሆነ እንጃ... ለእኔ የደረሰችኝ ከካርቦኖቹ ሁሉ ሥር የተኛችዋ ነች። ፊደል ሳይሆን የፊደል ትዝታ ነው ያለባት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ መስኮቱ አዞሯት፣ አራቋት፣ አቀረቧት።

«ጓድ፣ ይኼ ምን ይላል?»

«ቤት ተሰጥቶታል ይላል።»

«እሱን የምትል አንተ ነህ። ወረቀቱ ዝም ብሏል!»

«እንደገና ይመታልኝ?»

«ታይፑ ለጥገና ሄዷል። እስከ ሰኞ የሚነበብ አድርገህ ካላመጣህ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል።»

እኔና ባለቤቴ ያን ጊዜ አማቴ ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ነበርን። ከመጋረጃው ወዲያ የአማቴ ሳል፣ ወዲህ የእኔ ዝምታ!

በጀልባ ዘጌ ተሻገርሁ። የአማቴ ወንድም መሪጌታ አላምረው የደበዘዘ ብራና ሲያድሱ የኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ወረቀቷን ወደ ብርሃን አዘንብለው፣ ታይፑ የወጋውን ጠባሳ እየተከተሉ በመቃ ብዕር ጥቁር ቀለም ደረቡባት። የሊቀ መንበሩ ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«እኒህ ሰው ክቡር ናቸው?»

«እጅግ!»

በድርሳን ላይ የቅዱሳንን ስም እንደሚጽፉት፣ ብዕራቸውን ቀይ ነከሩት። ስሙ ቦግ አለ! እኔ ደግሞ... ቀናሁ።

«መሪጌታ፣ የእኔንስ?»

«አንተ ደግሞ ምን ጽድቅ ሠርተህ?»

«ከእህትዎ ጋር አንድ ቤት መኖሬስ?»

መሪጌታ እህታቸውን ያውቋቸዋል። ቀዩን ነከሩ።

ሰኞ ሊቀ መንበሩ ስማቸውን ሲያዩ ደረታቸው ተነፋ። «የአብዮቱ ቀለም!» አሉ። ወረድ ብለው አነበቡና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼ ከእኔ እኩል የቀላው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ...»

«ይጥቆር!»

የቀበሌው ጸሐፊ አጠቆረው። የዘጌ ቀይ በዋዛ አይሸነፍ! ደረበ፣ ደራረበ... በመጨረሻ በስሜ ቦታ የአህያ ኮቴ የምታህል ጥቁር ጠብታ ቀረች። ሊቀ መንበሩ ጮክ ብለው አነበቡ፤ እያንዳንዷ ቃል ጥርት!

«ቤቱ የተሰጠው ለጓድ...» ቆሙ። ጠብታዋን ወደ መስኮቱ አዞሯት፣ አራቋት፣ አቀረቧት። «ለማን?»

ማታ አማቴ ከመጋረጃው ማዶ «ወረቀቱ ተነበበ ወይ?» አሉኝ።

«ጥርት ብሎ ተነብቧል እማማ። ያልተነበብሁ እኔ ብቻ ነኝ!»