ንብረት ቁጥር 047

ኮሚቴ ሳያቋቁም ሥራ የማይጀምር፣ ሥራው ካለቀም በኋላ ኮሚቴውን የማይበትን አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት ደሴ ውስጥ አለ። ስሙ እዚህ ባይጠራም አይከፋውም፤ ከርዝመቱ የተነሳ ደጃፉ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ እንኳ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው።

ወንጌላዊት የዚህ መሥሪያ ቤት የዓሣ ባለሙያ ናት። ጥፋቷ ሥራዋን መውደዷ ነው። አንድ ቀን ከቢስቲማ ከተማ ወዲህ ካለች ጅረት የጣት ያህል ርዝመት ያለው፣ ጎኑ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት ዓሣ በባልዲ ይዛ መጣች። ጅረቷ ልትደፈን ነበር። ተፈጥሮን ሊጎበኙ ለሚመጡ እንግዶች መኪና ማቆሚያ ስለሚያስፈልግ ተፈጥሮው ቦታ እንዲለቅ ታስቧል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ አርብ ተሰብስቦ «ጅረቷ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አለ ወይስ የለም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ዓሣው ከሞተ ቀለሙ ይጠፋል፤ ባልዲ ውስጥ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ወንጌላዊት የለመነችው ትንሽ ነገር ነበር፤ ስፋቱ ሦስት ጣት የሆነ የመስታወት ገንዳ። ዓሣው መዞሪያ ሲያጣ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጅረቷ ትተርፋለች።

«ሦስት ጣት?» አሉ ኃላፊው አቶ አምባዬ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «የመሥሪያ ቤታችን ራዕይ በጣት የሚለካ ነው እንዴ?»

«ጋሽ አምባዬ፣ ዓሣው ራሱ እኮ አንድ ጣት ነው።»

«እሱ ዛሬ ነው። የእኛ ዕቅድ የአሥር ዓመት ነው።»

ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በአሥር ቀን ጥልቅ ውይይት ገንዳው የአልጋ ያህል እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የትእዛዙ ደብዳቤ ኮምቦልቻ ወርዶ መስታወት ቆራጩ ሚስባህ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ወላሂ፣ ይኼ ለዓሣ ነው ወይስ ለአዞ?» አሉ። ሰባት ፊርማ ስለነበረበት ግን ሠሩት።

ገንዳው በአይሱዙ ተጭኖ ደሴ ገባ። ዓሣው ሲለቀቅ ሄዶ ሄዶ ከወዲያኛው ጥግ ተሸሸገ። ወንጌላዊት ሠላሳ ፎቶ አነሳች። በሠላሳውም ላይ መስታወቱ ያንጸባረቃቸው አቶ አምባዬ ከክራባታቸው እስከ ግንባራቸው ወለል ብለው ወጡ። ዓሣ ግን የለም።

«በጣም ጥሩ ፎቶ ነው» አሉ አቶ አምባዬ። «ትልቅ አድርገሽ አሳትሚልኝ።»

ሐሙስ ዕለት ወንጌላዊት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ኮምቦልቻ ወረደች። ሚስባህ ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ ከመስኮት የተረፈ ስባሪ አንስተው መለካት ጀመሩ።

«አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉ። «ፊርማ የሌለው ሥራ ቶሎ ያልቃል። ነገ በማለዳ ነይ፤ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ውሃ ከነካው ይለቃል።»

በማግስቱ ገንዳዋ ደርሳ ጠበቀቻት። ጥርት ያለች፣ ሦስት ጣት የምትሰፋ። ሚስባህ ዳር ዳሯን በመዳፋቸው ጠርገው ሲሰጧት ፊታቸው በርቶ ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ወደ ውጭ የሚያይበት ስቆርጥ ኖሬያለሁ» አሉ። «ዓሣ የሚታይበት ስቆርጥ ይቺ የመጀመሪያዬ ናት።»

ወንጌላዊት ገንዳዋን ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋ ዳገቱን ወጣች። የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ሰርካዲስ ቆማለች። ሰርካዲስ ባለችበት ወንበር፣ መወልወያ፣ የኃላፊው ፔርሙዝም ቢሆን ቁጥር ሳይጻፍበት አልፎ አያውቅም። ቀይ የዘይት ቀለሟንና ብሩሿን አወጣች።

«እባክሽ እትዬ ሰርካዲስ፣ ከታች በኩል ጻፊበት።»

«ኦዲተር ተንበርክኮ ያንብብ?»

እናም ከፊት ለፊት፣ መሐል ለመሐል፣ 047 ብላ ጻፈች። ለጥንቃቄ ከኋላም ደገመችው።

ስብሰባው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ወንጌላዊት ውሃ ሞልታ ዓሣውን ለቀቀችው። ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ቀዩ መስመር እንዴት እንደሚያምር! ሆዱ ላይ 047 ቢጋደምበትም ዓሣ መሆኑን፣ በሕይወት መኖሩንም ማንም ያያል። ቶሎ ብላ ፎቶ አነሳችው።

በስብሰባው ላይ አቶ አምባዬ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩት።

«ቁጥር አለው» አሉ።

«የገንዳዋ ቁጥር ነው።»

«የተጻፈው ዓሣው ላይ ነው እኮ። ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ 047 ገቢ ሆኗል?»

«ዛሬ ጠዋት፣ በሕጋዊ መንገድ።»

«ስለዚህ ዓሣው የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ነው። አሁን የት ነው ያለው?»

«ቢሮዬ ውስጥ፤ ግን ጅረቷ ውስጥ ብዙ አሉ!» አለች ወንጌላዊት።

«እነሱስ ቁጥር አላቸው?»

ሰርካዲስ መዝገቡን ገልጣ አየችና «አንድም የተመዘገበ የለም» አለች።

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ዓሣው ከማንኛውም ስጋት ነፃ በሆነ ሁኔታ በመሥሪያ ቤቱ እጅ የሚገኝ በመሆኑና በጅረቷ ውስጥ የተመዘገበ ሕይወት አለመኖሩ በመረጋገጡ፣ የመኪና ማቆሚያው ሥራ እንዲፋጠን ተወስኗል።» ተጨበጨበ። ጅረቷም በሳምንቷ ተደፈነች፤ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ በጊዜው ያለቀ ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

ገንዳዋ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ገባች። ሰርካዲስ ዳንቴል አለበሰቻት፤ ውሃውም ለእንግዳ ጥርት እንዲል በረኪና ጨመረችበት። ወንጌላዊት ከሰዓት ስትገባ ዓሣው ሆዱን ሰጥቶ ተንሳፍፏል፤ ቀይ መስመሩም የለም። እዚያው ዳንቴሉ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ተካሄደና ደብዳቤ ደረሳት፦ «በእርስዎ ስም የተመዘገበው ንብረት ቁጥር 047 ጎድሎ ስለተገኘ፣ ዓይነቱና ቀለሙ ተመሳሳይ የሆነ፣ በሕይወት ያለ ምትክ ቀድሞ ከተገኘበት ቦታ አምጥተው እንዲተኩ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ባልዲዋን ይዛ ሄደች። ቦታው ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ የቆመ መኪና ግን አንድም የለም። ጥበቃው ከጥላው ተነስቶ መጣ።

«ምን ልታዪ ነው እህቴ?»

«ጅረቷን።»

«የቆምሽባት ናት።»

ወንጌላዊት እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ አየች። ጥበቃው በበኩሉ ባልዲዋን አየና አዘነላት።

«መኪና ልታጥቢ ከሆነ የመጣሽው አትልፊ» አላት። «እዚህ ውሃ የለም።»