የድሮውንም ይሰማል?

ሰው አዲስ ዕቃ ይዞ ሲታይ ሰፈርተኛው «ወደድከው?» ብሎ ይጠይቃል። ጫማም ይሁን፣ ሬዲዮም ይሁን፣ ጃንጥላም ይሁን ጥያቄው ያው ነው። መልሱን ግን ማንም አይፈልገውም። «ወደድከው?» የሚልህ ሰው ማወቅ የፈለገው ዕቃውን ከየት እንዳመጣኸው፣ ማን እንደሰጠህና ለሱ ሳይሆን ላንተ ለምን እንደደረሰህ ነው። ይህ እንግዲህ በደህናው ጊዜ ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ ደርግ ዘመን ማለቂያ አካባቢ ስለሆነ ነገሩን ትንሽ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። ያን ጊዜ ጥያቄ ብቻውን አይሄድም ነበር። «እንዴት አደርክ?» የሚልህ ሰው «የት አደርክ?» የሚል ከኋላው አስከትሎ ይመጣል። «ልጆች ደህና ናቸው?» ከተባልክ ደግሞ የሚቆጥርልህ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሁላችንም አጭር መልስ ለምደን ነበር። ደህና። ደህና ነን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና። ከዚህ በላይ የሚናገር ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ተልኳል።

እኔ ይዤ የተገኘሁት ዕቃ ጫማ ቢሆን ኖሮ በዚህ መልስ ባለፍኩ ነበር። ይዤ የተገኘሁት ግን ጆሮ ነው።

ቤቴ የካ ነው፤ ዳገቱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲል፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው። ሥራዬ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ንድፍ መንደፍ ነበር። ማጅራት ገትር ያዘኝና እኔ ተረፍኩ፤ ጆሮዎቼ ግን ሁለቱም ድፍን ብለው ቀሩ። ዛሬ «መስማት የተሳነው» ይባላል፤ ያኔ ደንቆሮ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ አላባረረኝም፤ መስመር ለማስመር ጆሮ አያስፈልግም። እንዲያውም ስብሰባ ላይ የማይከራከር ሠራተኛ በማግኘታቸው ደስ ያላቸው ይመስለኛል።

ደንቆሮ ሰው ብቸኛ ነው ትሉ ይሆናል። በሌላ ዘመን ልክ ናችሁ። በዚያን ዘመን ግን ሰው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያለውን የሚተነፍስበት አጥቶ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ወንድም ከወንድሙ ይደብቃል፤ ባል ሚስቱ ጋ ሲደርስ ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ ጤፍ ያዞራል። እኔ ፊት ቢያወሩ ግን ምን ይመጣባቸዋል? «እሱ እንደሁ አይሰማ!» እያሉ በረንዳዬን ሞሉት። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ምራታቸውን ሲያሟት የሚውሉት እኔ ፊት ነበር። አንዳንዱ እኔን እያየ መንግሥትን ይሰድብና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ቀሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ከድር ነበር። ከድር አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ነው። ቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ኋላ ሲግናል አካባቢ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሳቂታ፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው። ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቴ ይቀመጥና ያወራኛል። ልጁ ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ፣ ሰውየው ሳቁ ቀንሶ ነበር። አንድ ቀን መጣና በርጩማውን ሳይነካ ፊቴ ቆመ። ፊቱ ያበራል። «ደምሴ፣ ልጄ አለ! ከጦሩ ጠፍቶ ሱዳን ገብቷል። ወላሂ በሕይወት አለ! እኔና እናቱ ብቻ ነን የምናውቀው» አለኝና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይህ ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጁ ከጦሩ ከዳ ከተባለ አባት ተጠርቶ ይጠየቃል፤ ተጠርቶ የሄደ ሁሉ ደግሞ በሄደበት እግሩ አይመለስም። ታዲያ ያን የሚያህል ደስታ ለማን ይነገራል? ለደንቆሮ።

«ቆይ፣ ካልሰማህ በምን አወቅክ?» ልትሉኝ ነው። ብልጦች! ለናንተ ምን እደብቃለሁ፤ ከንፈር ማንበብ ለምጄ ነበር። ያስተማረኝ የለም። ዝም ባለ ዓለም ውስጥ ቁጭ ያለ ሰው የሰው አፍ ከማየት ሌላ ምን ሥራ አለው? ለሰፈሩ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ብናገር በረንዳዬ ላይ ማን ይቀመጣል? ደግሞ የሰው ምስጢር ማወቅ በራሱ ያስጠይቅ ስለነበር ፈራሁ። ለከድርም ያልገባኝ መስዬ ዝም አልኩት።

ከዚያ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ለማስተማር መጥቶ ጆሮዬን አየው፤ አገሩ ወስዶ አዲስ የወጣ ነገር ሊሞክርልኝም ፈለገ። መውጫ ቪዛ ለማግኘት ያየሁትን አበሳ ብነግራችሁ ይመሽብናል። ብቻ ሄድኩ። ከጆሮዬ ኋላ አጥንቴን በስተው አንዲት ትንሽ ነገር ቀበሩብኝ። በላይዋ ማግኔት ያላት ክብ ነገር ትለጠፋለች። ከሷ ሽቦ ይወርድና የደረት ኪሴ ውስጥ ካለች የሲጋራ ፓኮ የምታክል ሳጥን ይገባል። የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ዘመን የወጣ ሰው ይመለሳል እንዴ? ለስብሰባ የሄደ ይቀራል፤ ለሥልጠና የሄደ ይቀራል፤ ኳስ ሊጫወት የሄደው እንኳ በዚያው ይቀራል። ሻንጣዬን ይዤ ዳገቱን ስወጣ ሰፈሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምን ተልኮ መጣ? «ሚስቴና ልጆቼ እዚህ ናቸዋ!» ብል ማን ያምነኛል? የቀሩትም እኮ ሚስትና ልጅ ነበራቸው። በዚያ ላይ ከራሴ እስከ ደረቴ ሽቦ ተዘርግቶብኛል። እውነት ለመናገር፣ እኔም ራሴን ከሩቅ ባየው ኖሮ መንገድ እቀይር ነበር።

«ወደድከው?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የምመልሰው ግራ ይገባኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሰው ሁሉ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነበር። ሚስቴ አስካለ ስታወራኝ ዳክዬ ቧንቧ ውስጥ ገብታ የምትጮህ ይመስለኛል፤ ይህንኑ ነግሬያት አኩርፋኝ ሰንብታለች። ባሕር ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ሽንኩርት እያረረ መስሎኝ ወጥ ቤት ሮጬ ገብቻለሁ። ሬዲዮማ እስከ ዛሬም አይገባኝም። እያደር ግን ይለመዳል። አንድ ጧት አስካለ ከጓሮ «ደምሴ!» ብላ ስትጠራኝ ፊቷን ሳላይ ዞር አልኩ። ባልዲዋን ጥላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ለዚያች ጧት ስል ወድጄዋለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህን እላለሁ። ነገር ግን ሹክሹክታ አይሆንለትም፤ ሰው ሲበዛ ይደናገረዋል፤ የሚያወራኝን ሰው ከንፈር ካላየሁ ደግሞ የምሰማው ግማሹን ብቻ ነው።

ሰፈሩ ይህን አያውቅም። «ቴፕ ነው» ያለ አለ። «በቀጥታ ደኅንነት ቢሮ ነው የሚገባው» ያለም አለ። ጆሮ ጠቢ መባሌ አልቀረም፤ ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት የእትዬ ብርቄን ነው። አንድ ሳህን ቆሎ ይዘው መጡና ከኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ የኔ ጌታ» አሉ፤ ሽቦዬን እያዩ። «እንዲያው… ይሄ ነገር የድሮውንም ይሰማል?»

«የቱን የድሮ?»

«ተዘግቶ ሳለ የተነገረውን ነዋ። ገብቶ ተጠራቅሞ የቆየውን። አሁን በሩ ሲከፈትለት እንዲያው… ዝርግፍ አይልም?»

አያችሁ? ለካ የኔ ጆሮ አፉ የተዘጋ ጎተራ ኖሯል። የሰፈሩ ቃል በሙሉ ገብቶ ተከምሮበታል፤ አሁን ፈረንጅ መጥቶ ከፈተው። ሳቄ አመለጠኝ። ባልሳቅኩ! «ይስቃል እኮ፤ ሰምቶት ነው» ተባለና ሰፈሩ በሙሉ ቤቱ ተቀምጦ እኔ ፊት ያወራውን ማስታወስ ያዘ። በረንዳዬ ባዶ ቀረ። በመንገድ ሳልፍ ሬዲዮ ከፍ ይደረጋል፤ ሴቶቹ በነጠላ፣ ወንዶቹ በእጃቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ሳጥኔ ደግሞ ሬዲዮና ሰው ሲቀላቀሉበት አይለይም፤ የተሸፈነ ከንፈርም አይነበብም። ጆሮ ካወጣሁ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ምን እንደሚባል ማወቅ አቃተኝ።

ከድርም ቀረ። በአጥር ላይ እጁን ያነሳልኝና ይገባል። ብዙ ሳይቆይ ሚስቱ ለአስካለ ሱቁን እየሸጡ መሆኑን፣ ቤቱንም ለቀው ወደ ትውልድ አገሩ ሊገቡ መሆኑን ነገረቻት። ለምን ብትላት «እንዲሁ ነው» አለቻት። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ሰውየው የሚሸሸው ከኔ ነው። በዚያ ሁሉ የዝምታ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያላሰለቸኝን ወዳጅ ላጣው ነው፤ እሱም በስተርጅና ንብረቱን በትኖ ሊሰደድ ነው።

በዚህ መሐል ቀበሌ ተጠራሁ። «ሰው ፊትህ ያወራውን ሁሉ አምጣ» ሊሉኝ ነው፣ ስለ ከድር ምን እላለሁ እያልኩ ነው የሄድኩት። ቢሮ ስገባ ሊቀመንበሩ ጥበቃውን አስወጡ፤ መስኮቱን ዘጉ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንዳች ነገር አንሾካሾኩ።

«አልሰማሁም ጓድ ሊቀመንበር። እባክዎ እጅዎን ያንሱልኝ።»

እጃቸውን ሳያነሱ ድምፃቸውን ጨመር አደረጉ። አሁንም አልሰማሁም። እንደገና ጨመሩ። ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ጠረጴዛውን መትተው፣ «የድሮውንም ይሰማል ወይ ነው የምለው!» ብለው ጮኹ። እኔ ሰማሁ። ውጭ መታወቂያ ሊያሳድስ የተሰለፈው ሕዝብም ሰማ።

ያኔ ነው የነቃሁት። ሰውየው የሚጠይቁኝ ስለ ሕዝቡ አልነበረም። ደንቆሮ ሳለሁ በቀበሌው ሱቅ ወረፋ ይዤ ቆሜ፣ ለሕዝብ የመጣው ስኳር በጓሮ በር ወዴት እንደሚሄድ ከሱቁ ኃላፊ ጋር አፍንጫዬ ሥር ሲስማሙ አይቻለሁ። «አይሰማም ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። «መሣሪያው ከተተከለ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።» አልዋሸሁም፤ የጠየቁኝ ስለ መሣሪያው ነው። በረጅሙ ተነፈሱና ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

እሁድ ስብሰባ ላይ፣ ከመፈክሩ በኋላ፣ መግለጫ ሰጡ። «የጓድ ደምሴ መሣሪያ ተጣርቶ የቀድሞ ንግግሮችን እንደማይሰማ ስለተረጋገጠ፣ በዚህ ረገድ ማንም ስጋት ሊያድርበት አይገባም።» ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። ሰፈርተኛውም ከአዳራሹ ሲወጣ በአንድ ልብ ተስማማ፤ ይሰማል ማለት ነው። ምን ያድርግ ሕዝቡ? ቀበሌ ስኳር አለ ያለ ዕለት ስኳር ጠፍቶ ያውቃል፤ ስጋት የለም ያለ ዕለትማ ማን እንቅልፍ ይወስደዋል።

በማግስቱ ከድር ደጃፍ የጭነት መኪና ቆመ። ከዚህ በኋላ መታገሥ አልቻልኩም። ስገባ ፍራሽ እየጠቀለለ ነበር። ሲያየኝ ዓይኑ ኪሴ ላይ ወደቀ፤ «ደህና ዋልክ» ብሎ ወደ ፍራሹ ዞረ።

«ከድር፣ እየኝ» አልኩት። «ይቺ ሳጥን የድሮውን አትሰማም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ጀማል ሱዳን መግባቱን የነገርከኝ ቀን አፍህን እያየሁ ሁሉንም ተረድቻለሁ። ይኸው ስንት ጊዜው ነው! እስቲ ማን መጥቶ ጠየቀህ? እኔን ፈርተህ ከሆነ የምትሄደው፣ እቃህን አውርድ።»

ፍራሹ ከእጁ ወደቀ። ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም አልፈርድበትም።

«የዚያኑ ቀን ነው ያወቅከው?»

«የዚያኑ ቀን።»

«ሁሉንም?»

«ወላሂ ስትል ጭምር።»

ለቁጣው መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ «ለምን ደበቅከኝ?» ቢለኝ የምለውን አውቃለሁ፤ «እንዴት ልመንህ?» ቢለኝም የምለው አለኝ። ቀና ሲል ግን ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ታዲያ ምነው ደምሴ» አለኝ፣ «ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ እንኳን ደስ ያለህ ሳትለኝ?»

ልጄ ሞቷል ሲል በሕይወት መኖሩን ሰምቶ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ደስታውን ከነሕይወቱ ቀብሮ፣ ከአንድም ሰው አፍ ይህችን ቃል ሳይሰማ ኖሯል ለካ። ከጎኑ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ከድር» አልኩት።

«ድገመው» አለኝ።

ደገምኩለት።