ጋሽ ሴቲንግ እና በሩ የጠፋበት ፋይል

የትኛውም ሕንፃ ውስጥ ብትኖሩ፣ የተከፈተ ኮምፒውተር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ጎረቤት አለ። እናንተ ጋ እስካሁን ካልመጣ ቤታችሁን ስላላወቀው ብቻ ነው። አመጣጡ ለሌላ ጉዳይ ነው፤ መሰላል ሊዋስ፣ ወይም ውኃ የጠፋው እሱ ቤት ብቻ እንደሆነ ሊጠይቅ። ዓይኑ ግን ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ከዚያ ትከሻችሁን ነካ ያደርግና ያቺን ቃል ይናገራታል፦ «ቆይ፣ አትንካው።» ይህች ቃል ከወጣች በኋላ ወንበሩም፣ ማውሱም፣ የዕለቱ ዕቅዳችሁም የእናንተ አይደሉም።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ክቡር ጋሽ ሴቲንግ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይህኛውን ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት። ሰምተው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ማዕረግ መስሏቸው ደረታቸውን ነፋ አድርገው ሄዱ። ከእኛ ሥር ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ግድግዳውን የሞላ ባለ ብዙ ሳጥን መደርደሪያ ፊት ቆሞ፣ አድራሻውን በጨረፍታ አይቶ፣ ፖስታውን ወደ ሳጥኑ ወርወር ማድረግ ነበር ሥራቸው። አንድም ቀን ስቼ አላውቅም ይላሉ፤ ማን ሄዶ ይጠይቃል።

ኮምፒውተርን የተዋወቁት ከጡረታ በኋላ ነው፤ የተጣሉትም በዚያው ቀን። አንድ ሰነድ ሊከፍቱ ሲሉ ማሽኑ «ይህን ፋይል በምን ልክፈተው?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ሴቲንግ እስካሁን ከዚህ ድፍረት አላገገሙም። «ያን ሁሉ ዘመን ስሠራ» ይላሉ፣ «አንድም ደብዳቤ ‹ወዴት ልግባ?› ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ፋይል በሩን ማወቅ አለበት።» በሩ ደግሞ በእሳቸው እምነት አንድ ብቻ ነው፤ ብራውዘር። «ብራውዘር የሌለበት ቤት አለ? የለም። አድሱኝ እያለ ይለምናል? አይለምንም። ታዲያ ሰነዱ ሁሉ እዚያው ይከፈት።» ዳውንሎድ ማድረግን አጥብቀው ይጠላሉ። ለእሳቸው ደብዳቤን ከፖስታ ቤት አውጥቶ መንገድ ላይ እንደ መጣል ነው።

ይህን ትምህርት ለማዳረስ የማይገቡበት የለም። ለሳል መድኃኒት ሊገዙ ማዶ ያለው ፋርማሲ ገብተው፣ የፋርማሲስቷ ኮምፒውተር ያንን ጥያቄ ሲጠይቅ ሰሙ፤ ማለቴ አዩ። ከመደርደሪያው ኋላ እንዴት እንደገቡ ራሷም አታስታውስም። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። አንዱ ራስ ምታቱን ይዞ ወደ ሌላ ፋርማሲ ሄደ፣ ሌሎቹ ቆመው ሐሳብ ያዋጡ ጀመር። በመጨረሻ የመድኃኒት ዝርዝሯ በአንድ ንክኪ ብራውዘሩ ውስጥ ተከፈተላት፤ ጋሽ ሴቲንግም የሳሉን መድኃኒት ረስተው እየሳሉ ወጡ። ፋርማሲስቷ ዛሬም ሲመጡ በመስኮቱ ካየቻቸው ስክሪኑን ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች። ሴቲንጉን ግን አልመለሰችውም፤ ጠይቄያታለሁ።

የጥርስ ሐኪማቸው ያጫወተኝ ይብሳል። አፋቸውን ከፍተው፣ ጥጥ ጎርሰው፣ ግማሽ መንጋጋቸው ደንዝዞ ተቀምጠው ሳለ ሐኪሙ የራጃቸውን ውጤት ሊያይ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ማሽኑ «በምን ልክፈተው?» አለ። ጋሽ ሴቲንግ ከተቀመጡበት ቀና አሉና «ኦይ፣ አእአው» አሉ። ሐኪሙ ያመማቸው መስሎት ማደንዘዣ ሊጨምርላቸው ነበር።

እኔም አልተረፍኩም። ለጋዜጣ የምጽፈውን ሁሉ ብራውዘር እንዲከፍተው አደረጉልኝ። ተከፈተ፣ አከፋፈቱም ያምር ነበር፤ ለማንበብ ብቻ መሆኑን ግን አልነገሩኝም። እኔ አንጀት የሚያርስ አንቀጽ እየጻፍኩ መስሎኝ ቁልፎቹን ስደበድብ ቆይቼ ቀና ብል ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል የለችም። ቁልፎቹ ውስጥ ፍርፋሪ ገብቶ ይሆናል ብዬ ላፕቶፑን ገልብጬ አራገፍኩት። ከዚያ ወዲህ ኮቴያቸውን ደረጃው ላይ ስሰማ ላፕቶፑን ትራስ ሥር መደበቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ በሳቅ ትሞት ነበር።

ከዚያ ባለቤቴ ታመመች። ስትሮክ ነው አሉን። እግዜር ይመስገን አንደበቷም አእምሮዋም ተረፉ፤ ቀኝ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ እንድትጨብጠው የስፖንጅ ኳስ ሰጥቷት ነበር፤ ኳሱ ሶፋው ሥር ተንከባሎ እዚያው ቀረ።

ሥራዋ የመማሪያ መጻሕፍትን ማረም ነው። አሳታሚው ምዕራፍ ምዕራፉን በፋይል ይልክላታል፣ እሷ ስሕተቱን ትለቅማለች። ከሆስፒታል እንደ ወጣች የክፍሉ ኃላፊ ደውሎ «አንቺ ዕረፊ፣ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን» አላት። በደግነት ነው ያለው። እሷ ግን ስልኩን ዘግታ «ዕረፊ የሚሉት ሲያሰናብቱ ነው» አለችኝ። መልሳ ደወለችለት። አንድ ምዕራፍ ላክልኝ፣ እስከ ዓርብ ካላደረስኩ ለፈለግኸው ስጠው ብላ ተከራከረች።

ምዕራፉ መጣ። ማውሱ በግራ እጇ ሥር አልረጋ አለ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን አቃታት። እንደ ምንም ስትጫን ደግሞ ያ ጥያቄ ይመጣል፤ ስትዘጋው የጽሑፍ ፕሮግራሙ ጊዜዬ አልፏል፣ አድሺኝ ይላል፤ የመዝጊያዋ ምልክት ከምስር ፍሬ አትበልጥም። «እኔ ልክፈትልሽ» አልኳት።

«ነገም አንተ ልትከፍትልኝ ነው? ከነገ ወዲያስ?» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስታለቅስ እንዳላይባት ነው። አየሁባት፤ የማደርገው ግን አልነበረኝም።

ጋሽ ሴቲንግ ሊጠይቋት የመጡት በዚያ ሰዓት ነው። ብርቱካን በከረጢት ይዘው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሲታመም ምን እንደሚባል የማያውቁ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር፤ ስለ ሊፍቱ አወሩ፣ ስለ ሊፍቱ ደገሙ። ከዚያ ዓይናቸው ላፕቶፑ ላይ ወደቀ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ነበር። እኔ ልከላከል ብድግ ስል ባለቤቴ በግራ እጇ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው ገፋችው።

«ቆዪ፣ አትንኪው» አሉ። ከዚያ ከዚህ በፊት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ጠየቁ። «የኔ ልጅ፣ የቱ ጋ ነው እጅሽን የሚያስቸግርሽ?»

«ሁሉም ጋ» አለቻቸው።

ጋሽ ሴቲንግ ትንሽ አሰቡና ቀኝ እጃቸውን ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሥራው እስኪያልቅ አላወጡትም። ያን ሁሉ ዘመን ደብዳቤ የወረወረው እጅ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ፣ የማይረባው ግራቸው ማውሱን ይዞ ሲንከራተት አየሁ። ፎልደሩን ሰወሩት፣ ፈልገን አገኘነው። የሆነ ቁልፍ ነኩና ስክሪኑ እንዳለ ተዘቀዘቀ፤ ላፕቶፑን ገልብጠን ጣራው ላይ እንደ ቆመ ሰው እያነበብን መንገዱን ፈለግን። ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። በተደናቀፉበት ቦታ ሁሉ ቆም እያሉ «እዚህ ጋ አንቺም ትቸገሪያለሽ» ይሉና ያንን ቦታ ያስወግዱታል። በማግስቱም መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ሲጨርሱ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ባለቤቴ ፋይሏን በግራ እጇ አንዴ ብቻ ትነካዋለች፣ ማንንም ሳይጠይቅ ብራውዘሩ ውስጥ ይከፈታል፣ ፊደሉ ትልልቅ፣ ገጹ ንጹሕ። መጻፍ አያሻትም፤ እያነበበች ገጹንና መስመሩን እየጠራች እርማቱን በስልኳ በድምፅ ትልካለች። ዓርብ ሳይደርስ ምዕራፉ አለቀ። ኃላፊው ደውሎ «ከጽሑፍሽ ድምፅሽ ይሻላል፣ ቀጣዩን ልላክ?» አላት። ስልኩን ስትዘጋ እጄን ያዘችኝ። ያን ቀን ጋሽ ሴቲንግን ያላመሰገንኩበት ቃል የለም፤ እሳቸው ግን «ፋይሉ በሩን አወቀ፣ አለቀ» ብለው ወረዱ።

አለቀ ሲሉ የምራቸውን ኖሯል። መምጣታቸውን ተዉት። ደብዳቤው ሳጥኑ ከገባ በኋላ ሳጥኑ ፊት መቆም ልማዳቸው አይደለም። ላፕቶፑን ትራስ ሥር የምደብቅበት ምክንያት ጠፋ። ማታ ማታ ከታች ሬዲዮናቸው ብቻ ይሰማል፤ ማን ይመጣ ይሆን ብዬ ደረጃውን የማዳምጥ እኔ ሆንኩ። አልዋሽም፣ ናፈቁኝ።

ደግነቱ ሴቲንጉ መበላሸት ጀመረ። አንድ ቀን ፋይሉ «በምን ልክፈተው?» አለ። ጋሽ ሴቲንግ ተጠሩ፣ አስተካከሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ሊፍቱ ነገሩን። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተበላሸ፤ እንደገና መጡ። ላፕቶፑ አርጅቷል፣ ሌላ ይፈለግ ማለት ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታ ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው እየወረደች ጋሽ ሴቲንግ ያበሩትን ታጠፋለች። ማውሱን የያዘው ቀኝ እጇ ነበር። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይስታሉ፣ ተመልሰው ይሞክራሉ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በሩ ላይ ቀረሁ።

«መቼ ጀመረሽ?» አልኳት።

«የቱ? ማበላሸቱ ነው እጁ?»

«ሁለቱም።»

«አንድ ላይ ናቸው» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «ከስፖንጅ ኳሱ ይሄ ይሻላል። ደግሞ ሰውየው ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ? ጨርሻለሁ፣ ውረድና ጥራቸው።»

ወርጄ አንኳኳሁ። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ጃኬታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው ነበር።

«ጋሼ፣ ፋይሉ እንደገና በሩ ጠፍቶበታል።»

«አትንኩት፣ መጣሁ» አሉና ተከተሉኝ። ደረጃው መካከል ስንደርስ ቆም አሉ። ትንፋሽ ሊሰበስቡ መስሎኝ ነበር።

«ስማኝማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሴቲንግ ሰው ካልነካው አይጠፋም። ይሄን ሳላውቅ የምመላለስ ይመስልሃል?»

አንድ ደረጃ ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ለግራዋ በሚመች ቦታ ነበር ያስቀመጥኩት። ከዚያ በመጣሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ዝርዝሮቹ ውስጥ አራቅኩባት። አሁን በግራ እጅ አይደረስበትም፤ እኔ ራሴ ሞክሬ አልሆነልኝም።» በመነጽራቸው አሻግረው አዩኝ። «አገኘችው?»

«አገኘችው፣ ጋሼ። በቀኟ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጃኬታቸው ጫፍ ጠረጉትና መልሰው አደረጉት።

«እንግዲያው ዛሬ ጠበቅ አድርጌ ነው የምደብቀው» አሉና ቀድመውኝ ደረጃውን ወጡ።