ሲት ኢንሻራህ ፊልም ያዩ ዕለት

ፊልሙ አልቆ ፍርሃቱ የማያልቅለት ሰው የሌለበት ሕንጻ ካይሮ ውስጥ አይገኝም። እንዲህ ያለው ሰው ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፤ ያየውን ግን ይዞት ይወጣል፣ ጎረቤቱን ሳያስፈራ ምሳ አይወርድለትም። ሹብራ ሰፈር ባለው ሕንጻችን ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የአምስተኛ ፎቋ ክብርት ወይዘሮ፣ ሲት ኢንሻራህ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከፊልም ጣቢያው ጋር ነው። እኔ ከእሳቸው በታች አራተኛ ፎቅ ስለሆንኩ ፍርሃታቸው መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።

የሚደርሰውም በቅርጫት ነው። እንደ ሰፈሩ ሴት ሁሉ ቅርጫታቸውን በገመድ ከበረንዳ ያወርዳሉ፣ ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ ይጨምርበታል፣ እሳቸው ይስባሉ። ቅርጫቱ ሲመለስ እኔ በረንዳ ጋ ከቆመ ፊልም አይተዋል ማለት ነው። ገመዱን ሳብ ሳብ ሳደርገው ከላይ ብቅ ይላሉ፤ አቶ ለማለት ኡስታዝ ይሉኛል።

«ኡስታዝ ዋጊህ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር አይተኸዋል?»

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ትናንት ባየሁት ፊልም ግን ሰው ነበረበት።»

«ሲት ኢንሻራህ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልም ነው ብለህ እንዳትንቅ። በርህንም ቆልፍ።»

ዘበኛው ወጥቶ ታንከሩን እስኪያይ ድረስ ሕንጻው በሙሉ ውሃ ከሱቅ ገዝቶ ጠጣ። ስለ አሳንሰር የተሠራ ፊልም ካዩ ወዲህ ደግሞ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት በእግራቸው ነው የሚወጡት። የፍቅር ፊልም ቢያዩ ይሻላል ብዬ መክሬ ነበር፤ አዩና የሙሽራው እናት ፈገግታ እንቅልፍ ነሳቸው። አስቂኙንም ሞከሩት። «እንደዚያ የሚስቅ ሰው መጨረሻው አያምርም» አሉኝ።

ከሁሉ የሚንቁት ግን ጭር ያለ ቤት ሊያይ ብቻውን ደረጃ የሚወጣውን ሰውዬ ነው። በየፊልሙ አይጠፋም። «እስቲ ምን አስወጣው? ቂል!» ይላሉ፣ ዘመዳቸው የሆነ ይመስል እየተናደዱ።

አንድ አርብ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ቅርጫቱ ዳቦ እንደያዘ በረንዳዬ ጋ ቆመ። ሳብ አደረግሁት። ማንም ብቅ አላለም። ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ቅርጫቱ እዚያው ነው፣ ድንቢጦች ዳቦውን ይለቅማሉ። ጠራኋቸው። መልስ የለም። ገመዱን ይዤ በኃይል ስስበው ከላይ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፣ ከዚያ ጭር አለ።

የደም ግፊታቸውን አውቃለሁ። ብቻቸውን መሆናቸውንም አውቃለሁ። ደረጃውን ስጀምር የነገሩኝ ፊልም ሁሉ ተከተለኝ፤ አንዷን ፎቅ በየደረጃው እየቆምኩ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ያ በቁልፍ ብዛት የታወቀው በራቸው ገርበብ ብሏል። አበቃ፣ ሞተዋል አልኩ። መግፋት ፈራሁ፣ ተመልሼ መውረድም ፈራሁ።

ገፋሁት። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ቤቱ ጨለማ ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ያበራል። ከሶፋው ኋላ የድስት ክዳን እንደ ጋሻ ብድግ አለ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ምን ሆኑብኝ?»

«ብቻህን ነው የወጣኸው?»

«ብቻዬን።»

«ቂል» አሉኝ፣ ክዳኑን ሳያወርዱ። ፊልሙ ላይ አንድ ነገር በጉድጓድ ገመድ እየተሳበ ይወጣል አሉ። ዳቦውን እየሳቡ ፊልሙ ስለጀመረ ገመዱን በረንዳው ላይ አስረው እሱን እያዩ ሳለ ገመዱ ተወጠረ። ሁለተኛ ሲወጠር ብርጭቆው ከእጃቸው አመለጠ።

«እኔ እኮ ነኝ የሳብኩት። ስጠራዎትስ አልሰሙኝም?»

«ሰማሁ። ያ ከጉድጓድ የሚወጣውም የሚጣራው በጎረቤት ድምፅ ነው።»

ልስቅ ብዬ አቃተኝ። «ታዲያ እንዲህ ከፈሩ በሩን ምን አስከፈተዎት?»

ሞኝ እንደሚያይ ሰው አዩኝ። «በበረንዳ ከመጣብኝ ወዴት ልሩጥ? ወደ አንተ ነዋ።»

ቁጭ በል አሉኝና ቀሪውን አብረን አየነው፤ የቱ ጋ ማን እንደጮኸ አልናገርም። ሲመሻሽ ልወርድ ስነሳ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«በርህን ቆልፍ፣ ልጄ።»

«እሺ» አልኳቸው። ወርጄ ቆለፍኩት። ትንሽ ቆይቼ ተነሳሁና መልሼ ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ ከላይ የፊልም ድምፅ ስሰማ በሬን አልቆልፍም።